ቆስጣውን ማን በላው? ወፍና ተባይ ለመከላከል የትኛው ዘዴ ለየትኛው ጓሮ

ኅዳር ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ውርጩ ገና ከሣሩ አልለቀቀም። ከሳምንት በፊት ብቅ ያለውን ቆስጣዬን ለማየት ጓሮ ወጣሁ። ማታ ስተኛ አራት መስመር ሙሉ ነበር። ጠዋት ቅጠሉ ተሸራርፎ፣ አንዳንዱም ግንዱ ብቻ ቀርቶ አገኘሁት።

«ትል ነው» ብዬ ደመደምኩ። ፀረ ተባይ ገዝቼ ረጨሁ። በማግስቱ ከተረፈውም አብዛኛው ሄደ። በሦስተኛው ቀን ጋቢዬን ደርቤ የማድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አልሞላም። መጀመሪያ አንዲት ድንቢጥ አጥሩ ላይ አረፈች። ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ ወረደች። አሥር ያህል ተከተሏት። አንዷ የቆስጣውን ጫፍ በምንቃሯ ይዛ ራሷን ወዲያ ወዲህ ስትወዘውዝ፣ ቅጠሉ ተቀዶ ሲወጣላት በዓይኔ አየሁ።

እኔ የረጨሁት ለትል ነው። ትል ደግሞ አልነበረም። ገንዘቡ ባክኖ፣ ቆስጣው አልቆ፣ መርዙ ግን መደቡ ላይ ቀረ። ልጆቼ እየሮጡ የሚያልፉበት መደብ ነው። ያ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ሰሜን ሸዋ ደግሞ ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የሚሰጥበት አገር አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የጣርማ በርን ዋሻ አልፋችሁ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ጋቢው ወርዶ ጥላ ይዘረጋል። እኔ እላይ ጎመን፣ ካሮትና ድንች አለኝ። አክስቴ እታች በመስኖ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ታለማለች። የሚበሉብን ፍጥረታትም ይለያያሉ። ስለዚህ ሁለታችንም የሞከርነውን ጎን ለጎን አድርጌ ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ሌባውን ለዩ

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጠዋት ስጡት። ቅጠሉ ራሱ ይናገራል።

ወፍ የበላው ቅጠል ከጠርዙ ጀምሮ ይቀደዳል። ቁርጡ ሸካራ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሾለ ቅርጽ አለው። ትልቅ ቅጠል ከሆነ ሥጋው ተበልቶ የመሐል አጥንቱ ይቀራል። አፈሩ ላይ ኩሳቸውን ወይም የእግራቸውን ዱካ ታያላችሁ። ጉዳቱም ቀን ቀን ነው የሚጨምረው። ማታ ላይ ያያችሁት ቅጠል ጠዋት ማልዳችሁ ስትወጡ እንዳለ ከሆነ፣ ረፋድ ላይ ግን ከጎደለ፣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ትል ሲሆን ቀዳዳው ቅጠሉ መሐል ላይ ነው፤ ክብ ክብ ይላል። ቅጠሉን ገልብጡት። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ፍሬ ፍሬ የመሰለ ኩስ ካለ ባለቤቱ ሩቅ አይደለም። ጎመን ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ትል አለች። ስትነኳት ትፈራገጥና በቀጭን ክር ተንጠልጥላ ትወርዳለች። ይቺን ልብ በሉ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ችግኙ ከአፈሩ ጋር እኩል ተቆርጦ አጠገቡ ወድቆ ከተገኘ ቆራጭ ትል ነው። ሌሊት ይቆርጣል፣ ቀን አፈር ውስጥ ይተኛል። ከተቆረጠው ችግኝ ሥር ሁለት ጣት ያህል ቆፈር ብታደርጉ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። የሚያብለጨልጭ ደረቅ ልጋግ ካለ ቀንድ አውጣ ነው። ቅጠሉ ተጨማዶ፣ ከሥሩ የሚያጣብቅ ነገር ካለ፣ ጉንዳንም ከተመላለሰበት ክሽክሽ ነው። ተክሉ ቆሞ ሳለ በድንገት ጠውልጎ፣ ሲጎተት ሥር የሌለው ሆኖ ቢመጣ ፍልፈል ከታች ጨርሶታል።

ደብረ ብርሃን አካባቢ ያላችሁ አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። ምንቃሯ ረጅምና ጎባጣ የሆነ፣ እየጮኸች የምትበር፣ ትልቅ ጠቆር ያለች ወፍ መደባችሁን ስትቆፍር ልታገኟት ትችላላችሁ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር የትም የለችም። እሷ የምትፈልገው አፈር ውስጥ ያለውን ትል ነው። አንድ ሁለት ችግኝ ብትነቅል እንኳ ሂሳቡ ለእናንተ ያደላል። ድንጋይ አታንሱባት።

ወፍ ሁልጊዜ አይበላም

ይህን ያስተማረችኝ አክስቴ ናት። ወፍ ጉዳት የሚያደርሰው በሁለት ወቅት ነው። አንደኛው ችግኙ ለጋ ሳለ፣ ከበቀለ ወይም ከተዛወረ እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ ነው። ሁለተኛው ፍሬው ሲቀላ ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ ሰፊ ነው፤ በዚያ ጊዜ ወፉ ነፍሳት እየለቀመ ይረዳችኋል። ዘር የሚበሉት እነ ድንቢጥ ሳይቀሩ ለጫጩቶቻቸው ትል ያመላልሳሉ።

ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ጥበቃ አያስፈልግም። ገንዘባችሁንም ጉልበታችሁንም እነዚህ ሁለት ጊዜያት ላይ አውሉት።

ወሩም ይለያል። ክረምት ላይ ሜዳው ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ወፍ የእናንተን ሰላጣ አይፈልግም። ከጥር እስከ መጋቢት ግን ውጭው ደርቆ የእናንተ መስኖ ብቻውን ያንጸባርቃል። ያኔ ነው በብዛት የሚመጡት። ግማሹ ረሃብ ነው፤ ግማሹ ጥማት ነው። ቲማቲም የሚወጉት ብዙ ጊዜ ውሃውን ፈልገው ነው።

መረብ፣ ማስፈራሪያ ወይስ ጠባቂ?

ለትንሽ ጓሮ የእኔ ምርጫ መረብ ነው። በዚህ አልደራደርም።

አሁን ቆስጣና ሰላጣ ስዘራ እንዲህ አደርጋለሁ። የባሕር ዛፍ ጨንገር እቆርጥና ሁለቱን ጫፍ መሬት ውስጥ ሰክቼ መደቡ ላይ እንደ ቀስት አጎብጣለሁ። በየአንድ ሜትሩ አንድ። ቁመቱ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል። መረቡን በላዩ እዘረጋና ዳር ዳሩን በአፈርና በድንጋይ እደፍናለሁ። ዋናው ነገር ሁለት ነው። መረቡ ቅጠሉን መንካት የለበትም፤ ከነካ ወፏ በቀዳዳው አሳልፋ ትበላለች። ሁለተኛ ደግሞ ወጠር ማለት አለበት። የላላ መረብ ወፍም እባብም ይጠልፋል፤ ተጠልፎ የሞተ ወፍ ማየት ደግሞ ልብ ይሰብራል።

የቀዳዳው ስፋት ወሳኝ ነው፤ ሲገዙ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለድንቢጥ ሁለት ሳንቲሜትር ቀዳዳ ይበቃል። ቢራቢሮና የእሳት ራት ጎመኑ ላይ እንቁላል እንዳይጥሉ ከፈለጋችሁ ግን ከሁለት ሚሊ ሜትር ያነሰ መሆን አለበት። ክሽክሽን ለማገድ ከአንድ ሚሊ ሜትርም በታች ያስፈልጋል። ሲጠብ ደግሞ አየር ይቀንሳል። እኛ ጋ ደጋ ላይ ችግር የለውም፤ እንዲያውም በጥቅምትና በኅዳር ማታ ላይ ገለባ ጣል ካደረጋችሁበት ለውርጩም ትንሽ ይረዳል። ሸዋ ሮቢት ላይ ግን ጠባብ መረብ ሥር ያለ ችግኝ ይታፈናል።

ዱባና ዝኩኒ ከሆነ የተከላችሁት፣ አበባ ሲያወጣ መረቡን አንሱ። ንብ ካልገባች ፍሬ የለም። ቲማቲም ግን በነፋስ መነቅነቅ ብቻ ያፈራል።

ስለ አጎበር ደግሞ ልናገር። የመኝታ አጎበርን ጓሮ ላይ የሚያለብሱ ሰዎች አይቻለሁ። ቆላው ወባ ያለበት አገር ነው። አጎበሩ የታደለው ልጅ እንዲተኛበት ነው። በዚያ ላይ ፀረ ነፍሳት የተነከረ ነው፤ ከምትበሉት ቅጠል በላይ የሚዘረጋ ነገር አይደለም። እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

የመረብ ችግሩ ስፋት ነው። ለአምስት መደብ ይሆናል። ለሩብ ሄክታር ቲማቲም ማን ይዘረጋዋል? ዋጋውም አይቀመስ። አክስቴ ጋ ስንደርስ ጨዋታው ይቀየራል።

እሷ መጀመሪያ ማስፈራሪያ አቆመች። የባሏን አሮጌ ካፖርት አልብሳ፣ ባርኔጣ ደፍታ። ሦስት ቀን ሠራ። በአራተኛው ቀን ወፎቹ ክንዱ ላይ ተቀምጠው ላባቸውን ሲያበጥሩ አገኘቻቸው። ወፍ ሞኝ አይደለም። የማይንቀሳቀስ ነገር እንደማይጎዳው በሁለት በሦስት ቀን ያውቃል።

ይህ ማለት ማስፈራሪያ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። መንቀሳቀስና መለዋወጥ አለበት ማለት ነው። በየሁለት ቀኑ ቦታውን ቀይሩ፤ ልብሱን ቀይሩ። አሮጌ የካሴት ክር በሁለት እንጨት መሐል ወጥራችሁ ብትዘረጉ ነፋስ ሲነካው እየተንቀጠቀጠ ያፏጫል፤ ፀሐይም ሲመታው ያብለጨልጫል። አሮጌ ሲዲ በሲባጎ ማንጠልጠልም እንዲሁ ነው። ጠጠር የተጨመረበት ጣሳ በገመድ አስራችሁ ከቤት ሆናችሁ መሳብ ትችላላችሁ። ሁሉንም በአንድ ቀን አትስቀሉ። አንዱን አውጡ፣ ሲለምዱት አውርዱት፣ ሌላውን አውጡ። እንዲህ እያፈራረቃችሁ ሦስት ሳምንቷን መሙላት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ችግኙ ራሱን ይችላል።

ለሰፊ ማሳ ግን ሰውን የሚተካ አላየሁም። አክስቴ በመጨረሻ የያዘችው የአባቶቻችንን ዘዴ ነው፤ ማማና ወንጭፍ። ቆላው ለማሽላው ሲያደርገው የኖረው ነው። ማማው ከፍ ያለ ስለሆነ ማሳው ሁሉ ይታያል። ወንጭፉ ወፏን ለመምታት አይደለም፤ ድንጋዩ አየሩን ሰንጥቆ አጠገባቸው ሲወድቅ መንጋው በሙሉ ይነሣል። የጅራፍ ጩኸትም ያንኑ ይሠራል።

ብዙ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ መጠበቅ ያለበት ይመስለዋል። አይደለም። ወፍ አጥብቆ የሚመገበው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ነው። ከዚያ ፀሐይ ሲጠነክር ጥላ ይፈልጋል። ከቀኑ አሥር ሰዓት እስኪመሽ ደግሞ ይመለሳል። አንድ ሰው እነዚህን ሰዓታት ቢጠብቅ አብዛኛውን ጉዳት ያስቀራል። አክስቴ ጋ ማለዳውን እሷ ትይዛለች፤ ማታውን ልጇ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ይረከባታል። ልጅን ከትምህርት አስቀርቶ ወፍ ማስጠበቅ ግን በምንም ሂሳብ አያዋጣም። ያን ያህል የሚያስገድድ ከሆነ የአትክልቱን ስፋት መቀነስ ይሻላል።

አንድ ሌላ ነገርም ሞክራለች። ከማሳው ሠላሳ እርምጃ ራቅ አድርጋ፣ ከዛፍ ሥር፣ በተሰበረ እንስራ ውሃ አስቀመጠች። በጥር ሐሩር ወፎቹ እዚያ መሰብሰብ ጀመሩ። የሚወጋው ቲማቲም አልቆመም፤ ግን ቀነሰ። ውሃውን በየቀኑ መቀየር አለባችሁ፤ ያለዚያ የወባ ትንኝ ታረባላችሁ።

ሰዎች ግሪሳ እያሉ ያስፈራሩናል። ግሪሳ ሌላ ነገር ነው። ሃያ ግራም የማትሞላ ወፍ ናት፤ በቀን አሥር ግራም ያህል እህል ትበላለች። በመቶ ሺዎች ሆና ስትመጣ ማሽላ ታወድማለች። እሷ የምትፈልገው የእህልና የሣር ዘር ነው፤ ቲማቲምና ጎመን አትነካም። ግሪሳ ከመጣ ለግብርና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ነው፤ በግለሰብ የሚመከት አይደለም። እናንተ ቲማቲም ላይ የምታገኟት፣ ጭራዋ ከሰውነቷ የሚረዝም፣ አናቷ ላይ ጉትዬ ያላት ቡናማ ወፍ ናት። ፓፓያውንም የምትበላው እሷ ናት።

እህል በመርዝ ለውሶ መበተን የሚባል ነገር አለ። እጅግ መጥፎ ነገር ነው። ያን እህል ዶሮዋም፣ ርግቡም፣ የሞተችውን የምትበላው ድመትም ይበሉታል። በዚያ ላይ ይህ ምድር ሌላ ቦታ የሌለ ወፍ ያለበት ነው። አንኮበር ገደል ላይ የምትኖር ትንሽ ቡናማ ዘር ለቃሚ ወፍ አለች። ለሳይንስ የታወቀችው በ1979 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ስሟም በአንኮበር ተጠርቷል። የእሷ ዓይነት ወፍ ከድንቢጥ ጋር አብራ ያን እህል ብትለቅም የምናጣውን በምን እንመልሰዋለን?

በአራት እግር ለሚመጡት

እዚህ ላይ ምርጫው ብዙ አይደለም፤ አጥር ነው። ጥያቄው ምን ዓይነት አጥር ነው የሚለው ነው።

ጃርት ሌሊት መጥቶ ድንችና ካሮት ይቆፍራል። ጠዋት ላይ የጥርሱን ምልክትና አንዳንዴም እሾሁን ጥሎ ይሄዳል። የጭራሮ አጥር አያግደውም፤ ከሥር ይፈለፍለዋል። ደጋ ላይ የድንጋይ ካብ የመሰለ የለም፤ ድንጋዩ ከእርሻው የወጣ ነው፣ ገንዘብ አይጠይቅም። ሽቦ ከሆነ አንድ ክንድ ያህል ወደ መሬት ቅበሩት። ውሻ ካላችሁ ደግሞ ሌሊት እዚያው አካባቢ እሰሩት።

ሰንሰልን ለአረንጓዴ አጥር እወደዋለሁ። በቅርንጫፉ ይበቅላል፤ ከብትም ብዙ አይደፍረውም። ቆላ ላይ ቁልቋል ይሻላል። ሁለቱም ግን ለመጠቅጠቅ ዓመታት ይፈልጋሉ፤ ዘንድሮ ለተተከለ ጎመን አይደርሱም።

ዝንጀሮንና ጦጣን አጥር አይዛቸውም። ሰውና ውሻ ብቻ ነው። ወደ መንዝና ወደ ገደሉ ጫፍ ያላችሁ ጭላዳን ከዝንጀሮ ጋር አታምታቱት። ጭላዳ ኑሮው በሣር ላይ ነው። ከእርሻ ማስወጣት እንጂ መጉዳት አይገባም።

ለፍልፈል ወጥመድ ነው የሚሠራው። ጉድጓዱ ላይ አዲስ የወጣ እርጥብ አፈር ፈልጉ፤ እዚያ ነው የሚመላለሰው። ትንሽ መደብ ከሆነ ግን ከመዝራታችሁ በፊት ከሥሩ የሽቦ ወንፊት ብታነጥፉ ለዓመታት ትገላገላላችሁ። ለአይጥ ድመት ትበቃለች። የአይጥ መርዝ ያስቀመጠ ሰው ድመቱንም ጉጉቱንም ይገድላል። ጉጉት በጩኸቷ ሟርት ነው ብለን እናባርራታለን። እሷ ግን ሌሊቱን ሙሉ አይጥ ስታድንልን ታድራለች።

ስለ ዶሮ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ሁላችንም እናውቃታለን። ይህን ብቻ ሞክሩ። መሬቱን ከቆፈራችሁ በኋላ፣ ከመትከላችሁ በፊት ለአንድ ሳምንት ዶሮዎቹን ልቀቁበት። ቆራጭ ትሉን ከነእጩ ለቅመው ይጨርሱታል። ከዚያ አስወጥታችሁ በሩን ዝጉ። የጎረቤት ዶሮ ከሆነች ደግሞ ከጠብ በፊት አንድ እቅፍ ጎመን ይዛችሁ ሂዱ።

ለነፍሳት፦ አመድ፣ ሳሙና፣ ኒም፣ ኬሚካል

እዚህ ላይ ሰው የሚቸኩለው ወደ መጨረሻው ነው። እኔ ከመጀመሪያው እንድትጀምሩ እለምናለሁ።

እጅ ከሁሉም ይበልጣል። ሦስት መደብ ያለው ሰው ጠዋት ጠዋት አሥር ደቂቃ ቅጠል ቢገለብጥ፣ እንቁላሉን በጣቱ ቢያፈርጥ፣ ትሉን ቢለቅም ሌላ ነገር ላያስፈልገው ይችላል።

አመድ እናቶቻችን ሲበትኑት የኖሩት ነው። ደረቅ ሲሆን ይሠራል፤ ቆራጭ ትልና ቀንድ አውጣ በላዩ መሄድ አይወዱም። ዝናብ ወይም ውሃ ሲነካው ግን አለቀ። በጋ ላይ እንጂ ሐምሌ ላይ አትድከሙበት። ለቆራጭ ትል ከአመድም የሚሻለው የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቆርጦ በችግኙ ዙሪያ እንደ አንገትጌ መሬት ውስጥ መስካት ነው።

ለክሽክሽ ሳሙና ወደር የለውም። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና። ነፍሳቱን ራሳቸውን ካልነካ አይሠራምና ከቅጠሉ ሥር አድርጋችሁ ርጩ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይሁን። የልብስ ዱቄት ሳሙና ግን አትጠቀሙ፤ ቅጠሉን ያቃጥላል። ጥንዚዛ ቢጤ፣ ክንፏ ቀይ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ነፍሳት ካያችሁ ደግሞ ተዉአት። ክሽክሽ ነው ምግቧ።

ኒም ለቆላው ነው። ዛፉ ሸዋ ሮቢት ላይ በየግቢው አለ፤ ደብረ ብርሃን ላይ አይሆንለትም። የደረቀ ፍሬው 50 ግራም ይወቀጣል፤ በአንድ ሊትር ውሃ ሌሊቱን ያድራል፤ በነጠላ ይጠለላል፤ ማታ ይረጫል። ወዲያው አይገድልም። ትሉ መብላት ያቆማል፤ ማደግም ያቅተዋል። ስለዚህ በማግስቱ ወጥታችሁ «አልሠራም» አትበሉ። በየሳምንቱ መደጋገም ይፈልጋል፤ ፀሐይ ያከሽፈዋል፤ የተረፈውን ፈሳሽም አታስቀምጡ። ለእነ ነጭ ዝንብና ለትንንሽ ትሎች አክስቴ የምትተማመነው በእሱ ነው።

ለቀንድ አውጣ እንዶድ የሚሉ አሉ። ነገሩ መሠረት አለው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ውሃ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ያን ታላቅ ምርምር የጀመሩት። ግን ያ የወንዝ ቀንድ አውጣ ነው፤ ዓላማውም ቢልሃርዝያን መግታት ነበር። እንዶድ ዓሣም ይገድላል። ወንዝ ዳር ያለ ጓሮ ላይ አላፈስስም። እርጥብ ጆንያ ማታ መደቡ አጠገብ አንጥፉ፤ ጠዋት ገልብጣችሁ ከሥሩ የተሰበሰቡትን ልቀሙ።

አሁን ወደ ኬሚካሉ። አይረጭ አልልም። አክስቴ በ2012 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ የገባው የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪ፣ ቱታ አብሶሉታ የሚባለው፣ ሲመጣባት ረጭታለች። ደቡብ አሜሪካ የተነሣ ነው። ትሉ ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ ስለሚኖር በእጅ አይለቀምም፤ ሳሙናም አያገኘውም። ከኒም፣ የተበላሸውን ቅጠል ነቅሎ ከመቅበርና ወንዱን በጠረን ከሚስበው ወጥመድ ጋር አብሮ የባለሙያ ምክር ይፈልጋል።

ግን ያቺን በክር የምትንጠለጠል የጎመን ትል አስታውሱ። በ1953 እ.ኤ.አ. ጃቫ ላይ ዲዲቲን ተላምዳ ተገኝታለች። ከዚያ ወዲህ የወጡትን መድኃኒቶች ተራ በተራ ለምዳለች። አንድ ዓይነት መድኃኒት በየሳምንቱ የሚረጭ ሰው የሚገድለው ደካሞቹን ትሎችና የትሉን ጠላቶች ነው፤ የሚያረባው ጠንካሮቹን ነው። «መድኃኒቱ ኃይሉ ቀነሰ» ብለው መጠን የሚጨምሩ ገበሬዎች ያሉት ለዚህ ነው። መጠን መጨመር አይደለም መፍትሔው።

ከረጫችሁ ሦስት ነገር አትተዉ። አንደኛ፣ የተመዘገበ መሆኑን እዩ። የአገሪቱ የፀረ ተባይ ሕግ ያልተመዘገበውን ይከለክላል። ከትልቅ ጠርሙስ ወደ ትንሽ ተገልብጦ፣ ያለ ጽሑፍ የሚሸጥ ነገር አትግዙ። ሁለተኛ፣ ከተረጨ ስንት ቀን በኋላ እንደሚለቀም ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ያ ቀን ሳይሞላ ጎመኑን ለልጅ አታብሉ፣ ለገበያም አታውጡ። የሚገዛችሁም ሰው ልጅ አለው። ሦስተኛ፣ አበባ ላይ አትርጩ፤ ንብ ታልቃለች። ባዶውን ዕቃ ደግሞ ውሃ አትቅዱበት።

እንግዲህ የትኛው?

ደጋ ላይ ሁለት ሦስት መደብ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን ካላችሁ፦ ጠባብ ቀዳዳ ያለው መረብ፣ ለክሽክሽ ሳሙና፣ በተረፈ እጅ። መረቡ በአንድ ጊዜ ድንቢጡንም ቢራቢሮውንም ይይዝላችኋል። አንድ ጊዜ ገዝታችሁ ከፀሐይ አንስታችሁ ብታስቀምጡት ለብዙ ወቅት ይሆናል። ካሮትና ድንች ብቻ ከሆነ መረቡን ተዉት፤ ገንዘቡን ለካብና ለፍልፈል ወጥመድ አድርጉት።

ቆላ ላይ በመስኖ የምታለሙ ከሆነ፦ መረቡን ለችግኝ መደቡ ብቻ ግዙ። ችግኙ አንድ ጥግ ላይ ስለሚፈላ ትንሽ መረብ ይበቃዋል። ማሳው ላይ ከተዛወረ በኋላ የሚንቀሳቀስ ማስፈራሪያ፣ ፍሬው ሲደርስ ሰው። ኒሙን ዛፉ ካለበት አትለፉት። ሽንኩርት ብቻ ከሆነ ያላችሁ ወፍ አያስጨንቃችሁም፤ የእናንተ ጠላት ቅጠሉ መጋጠሚያ ውስጥ የምትደበቀው ትሪፕስ የምትባል ደቃቅ ነፍሳት ናት።

ገንዘብም ጊዜም ካጠራችሁ፦ የሚበላውን ትታችሁ የማይበላውን ትከሉ። ድንቢጥ ነጭ ሽንኩርት አትነካም። ሐበሻ ጎመንም ከሰላጣ ይልቅ ይቋቋማል፤ ቢሸረፍም ደግሞ ያቆጠቁጣል።

ምንም ወጪ የሌለውን መንገድ መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ራሴ ዘግይቼ ስላየሁት ነው። ባለፈው የካቲት አክስቴ ጋ ወርጄ ነበር። ገና ሳይነጋ ቅርጫት ይዛ ገባች። የምትለቅመው የቀላውን አልነበረም። ቂጡ ላይ ትንሽ ሮዝ ነገር ብቅ ያለበትን፣ ቀሪው ገና አረንጓዴ የሆነውን ነው። «እዚህ ከደረሰ እናቱን አይፈልግም፤ ቤት ውስጥ ይቀላል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ቲማቲም አንዴ ቀለም መያዝ ከጀመረ ተለቅሞም ይበስላል። ወፏ የምትመጣው ደግሞ ሲቀላ ነው።

አልጋዋ ሥር ጎንበስ ብዬ አየሁ። ገለባ ላይ፣ አንዱ ሌላውን ሳይነካ፣ በሦስት ረድፍ ተደርድሯል። የትናንቱ ፈዛዛ ነው። የሠለስቱ ብርቱካንማ ሆኗል። ግድግዳው ጥግ ያለው ግን ደም መስሏል፤ አንድም የምንቃር ቀዳዳ የለበትም።